ሳትታመም የተጠየቀች ሯጭ

ውሸት አልችልበትም። ይህን የምለው ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም። ብችልበት ኖሮ ማክሰኞ ዕለት የዋሸኋት አንዲት ውሸት ረቡዕ ሠላሳ ሰው፣ ሐሙስ ሃምሳ ሰው አስከትላ አትመጣብኝም ነበር።

የሺዋስ እባላለሁ፤ ሉማሜ ላይ የሩጫ አሰልጣኝ ነኝ። ዐሥራ አንድ ልጆች አሉኝ፤ የወለድኋቸው ሳይሆኑ የማስሮጣቸው ማለቴ ነው። ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብዱረዛቅ ሱቅ በር ላይ እንሰበሰብና ወደ ገጠሩ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ እንወጣለን። አብዱረዛቅ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪና ቴምር የሚሸጥ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለአሰልጣኞች በተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና ያገኘሁት ነው፤ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ምን ይብላ፣ መቼ ይብላ የሚል ሠንጠረዥ። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ከልምምድ በኋላ ወተትና ሙዝ፣ ቀትር ላይ ፓስታ በሥጋ፣ ማታ ሩዝና ዓሣ ይላል። ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ አስለብጬዋለሁ።

አብዱረዛቅ የለጠፍሁት ዕለት ከላይ እስከ ታች አነበበውና፣ «ይህን ሁሉ የሚያገኝ ሰው ምን ቆርጦት ይሮጣል?» አለኝ።

እኔ ግን በዚያ ወረቀት አምን ነበር። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለክለብ ማጣሪያ ስሮጥ አራተኛ ወጥቻለሁ። የተወሰዱት ሦስት ናቸው። ሦስተኛዋን ቦታ ያጣሁት የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ ነው፤ በዚያን ጊዜ ስለ ምግብ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱን ሳገኝ የተሰረቀብኝን ዕቃ ያገኘሁ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህም ሙጥኝ ብዬ ያዝሁት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ አብዱረዛቅ ይስቅብኛል።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተጋጠሙ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በሁለት ቀን ልዩነት ገቡ፤ ወረቀቴም ግድግዳ ላይ ብቻዋን ቀረች። እኔ ራሴ ከፍስክ እጾማለሁ፣ ሰዓት ግን አልጠብቅም። ጨጓራ አለብኝ። ሉማሜ ላይ ጾም ሲገባ ጨጓራው የማይነሣበት አሰልጣኝ የለም፤ አሰልጣኙም እኔ ብቻ ነኝ።

ከልጆቼ ሁሉ ያስጨነቀችኝ ማሬ ናት። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ቀበሌ የምትኖር የገበሬ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዳገት ላይ እሷን የሚከተላት የለም። በደብረ ዘይት እሁድ፣ ማለትም የጾሙ እኩሌታ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የግማሽ ማራቶን ማጣሪያ ነበረ። አንድ ክለብ ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ሴቶችን ሊወስድ ነው። ማሬ በግንቦት ሃያ ይሞላታል። ዘንድሮ ካለፋት አለፋት፤ እኔ ደግሞ ዕድል ሲያልፍ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ችግሩ ጾሙ ነው። ማሬ በማለዳ ከእኛ ጋር ሃያ ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመልሳ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ጭቃ ታቦካለች፤ እህል የምትቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ዐሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከመንገዱ ዳር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በሚቀጥለውም ሳምንት እዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ስለ እንቁላል ሰበክኋት።

«ጋሼ፣ ፋሲካ ሲደርስ እበላዋለሁ» አለችኝ፣ ዐይኗን እንደ ጨፈነች።

«ፋሲካ ሲደርስማ ማጣሪያው አልፎ።»

«እንግዲያው ይለፍ።»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? የአብዱረዛቅ ልጅ ጀነትም ከእሷ የተሻለች አልነበረችም። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ረመዳን ከገባ ወዲህ የማለዳውን ልምምድ ትታ «አመሻሽ ላይ ብቻዬን እሮጣለሁ» አለችኝ። እኔም «እንዳሻሽ» አልኋትና በልቤ ሰረዝኋት።

ማጣሪያው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄድሁ። የማሬ የንስሐ አባት ናቸው፤ የእኔም ናቸው። እሳቸው «ብዪ» ካሏት ትበላለች፣ እኔ ብላት ግን አትበላም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ፕሮቲን ነገርኋቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ሩጫ ጾም አያስፈታም» አሉ። «የምናዝንለት ለሕመምተኛ ነው። ማሬ ታማለች ወይ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ደክማለች ልል ነበር። እውነቱም እሱ ነው። አፌ ግን ከእኔ ቀደመና፣ «አዎ አባ፣ ታማለች» አለ።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ምነው? ምኗን?»

«ይኸው… ሁለመናዋን።»

«እግዚአብሔር ይማራት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ገቡ። እኔም የልቤ እንደ ደረሰ ቆጥሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ረቡዕ የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ ልጆቹን አላየሁም። ሐሙስ ማለዳ ማሬ ልምምድ ቀረች። ፈቃዱን አግኝታ እንቁላሉን ልትጀምር አፍራ ይሆናል አልሁ። ከአብዱረዛቅ ሚስት ከቀድሪያ ስድስት እንቁላል ገዛሁ። ቀድሪያ እጅ እጄን እያየች፣ «የሺዋስ፣ ጾሙ ተፈታ እንዴ?» አለችኝ። ሦስቱን በቱታዬ ቀኝ ኪስ፣ ሦስቱን በግራው አድርጌ፣ ዚፑን ዘግቼ መንገድ ገባሁ።

ከማሬ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ጋቢ የደረቡ ወንዶች በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። አባ ወልደ ሩፋኤል ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። በእኛ አገር ይህን ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ያውቀዋል። የዋሸሁት ውሸት ደርሶባት ልጅቱ ሞተች ብዬ ደመደምሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚገባው። እኔም እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ቁልቁለቱን ወረድሁት። «ወይኔ ማሬ፣ ወይኔ ዳገት የማይበግርሽ፣ እኔ ነኝ የገደልሁሽ» እያልሁ። ለቅሶዬ ከልቤ ነበር፤ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተነሡ። አንዳንዶቹ ማን እንደ ሞተ እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር።

እናቷ ደብሪቱ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ወጣችብኝ። «ዝም በል አንተ ሟርተኛ። ልጄን በቁሟ ታለቅስባታለህ?»

«አልሞተችም?»

«ታማ ነው እንጂ ለምን ትሞታለች?»

ቆይቶ እንደ ተረዳሁት፣ አባ ወልደ ሩፋኤል ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ «ልጃችን ማሬ ታማለችና ጸልዩላት፣ ጠይቋት» ብለው ለሕዝቡ ነገሩ። ሕዝቡም ከቅዳሴ ቀጥታ ወደ ማሬ ቤት መጣ። ደብሪቱ ስለ ልጇ ሕመም የሰማችው ከጠያቂዎቹ ነው። ማሬ በዚያ ሰዓት ሁለት ጀሪካን ውኃ በአህያ ጭና ከወንዝ እየወጣች ነበር። «አልታመምሁም» ብትል ማን ይስማት? ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የሚባሉ አሮጊት ግንባሯን ነክተው፣ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አሉና አስተኟት። ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ማሬ መደቡ ላይ ተጋድማ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ተደርቦባታል፤ ከሙቀቱ የተነሣ ፊቷ ቀልቷል። ከራስጌዋ በኩል አገልግልና ድስት ተደርድሯል። የአጃ አጥሚት፣ በሶ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ንፍሮ፣ ድንች ወጥ፣ ድፎ ዳቦ። ቀድሪያ ሳትቀር በሰው የላከችው አንድ ኪሎ ቴምር ተቀምጧል፤ እሷም ለማን እንደምወስድ ሳታውቅ ነው እንቁላሉን የሸጠችልኝ። ማሬ በዐይኗ ጠራችኝና ዝቅ ስል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ የሺዋስ፣ ምኔን ነው የታመምሁት?»

በዚህ መካከል አባ ወልደ ሩፋኤል ከኋላዬ ገቡና መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ልሳለም ጎንበስ አልሁ። ጎንበስ ስል ሆዴና ጉልበቴ መካከል አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሌሎቹም ሰሙት። ቀና ስል ቢጫው ከሁለቱም ኪሶቼ በዚፑ ሥር እየሾለከ በጭኖቼ ላይ ይወርዳል። በዐቢይ ጾም፣ በንስሐ አባቴ ፊት፣ በሃምሳ ጿሚ መካከል።

ሁሉም ኪሴን አየ። ዝንብ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ እሱም ወደ እኔ መጣ።

«የሺዋስ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ አባ።

ተናገርሁ። ሁሉንም፣ አንድ ሳላስቀር፣ እዚያው ቆሜ እያንጠባጠብሁ ተናገርሁ። አለመታመሟን፣ መዋሸቴን፣ ወረቀቴን፣ ጨጓራዬ ሳይቀር ደህና መሆኑን። ሰዉ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አንዱ ከጥግ ሆኖ ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አባ ወልደ ሩፋኤል ብቻ አልሳቁም። ማሬም አልሳቀችም። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

«ጥንቱንም ብትጠይቀኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «እንዴት እንደምጾም እነግርዎት ነበር። ጠይቀውኝ አያውቁም።» ንግግሯን ስትጀምር «አንተ» አለችኝ፣ ወዲያው ግን ወደ «እርስዎ» መለሰችው። ያች አንዲት «አንተ» እስካሁን ታቃጥለኛለች። ልክ ነበረች።

አባ ወልደ ሩፋኤል ወደ ግቢው አወጡኝና ቀኖናዬን ሰጡኝ። «ከነገ ጀምሮ እስከ ፋሲካ እንደ እሷ ትጾማለህ። እሷ የሮጠችውን ትሮጣለህ፤ የምትበላው እሷ በምትበላበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ምግብ የምትለውን እንሰማሃለን።»

«ማሬስ አባ? እሁድ ማጣሪያ አለባት፤ ትነሣ?»

«ሕዝቡ የሦስት ቀን ጸሎት ጀምሮላታል፣ የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም። እስከ ቅዳሜ ትተኛለች» አሉ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴም ከውስጥ ሆነው፣ «ታማም ሆነ ሳትታመም አጥሚቱ ቀርቧል፤ የጠያቂ እህል አይመለስም» ብለው አጸኑት። ማሬ ለእኔ አንድ ቃል ሳትጨምር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዓርብ ማለዳ ቁርሴን ሳልበላ የማሬን መንገድ ሮጥሁ። ዐሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቀልዴን አይደለም፣ እዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ምቹ ድንጋይ ናት። ሩጫው ግን ቀላሉ ነበር፤ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሩጫውን ጨረስሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ሙሉ ቀርቷል። አምስት ሰዓት ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሰባት ሰዓት ላይ የገዛ ስሜ ጠፋኝ። ማሬ በዚህ ሰዓት ውኃ ትቀዳለች። እሷን ነበር ቆሜ የሰበክኋት። እዚያው ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ በጣም አፈርሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላሁ፤ ጉልበት ግን እንደ ሄደ ቀረ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጀነት ከሩጫ ተመለሰች። ላብ አጥምቋታል፤ ፊቷ ግን ብሩህ ነው። ወዲያው አዛን አለ። ሦስት ቴምር በላች፣ ውኃ ጠጣች፣ እናቷ ሾርባ አቀረበችላት።

«ጀነት» አልኋት፣ «ከሰዓቱ ሁሉ ለምን ይህን ሰዓት መረጥሽ?»

ደነገጠች። ልቆጣት መስሏት ነበር። «ወረቀቱ ነዋ ያለኝ» አለች።

«የትኛው ወረቀት?»

ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «ይኸውና፣ ‹ልምምድ በጨረሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይብሉ› ይላል። ወተትና ሙዙን ተውሁት፤ ሰዓቱን ግን ማድረግ እችላለሁ። ሮጬ ስጨርስ አዛን ይላል፣ ወዲያው እበላለሁ። ከጾሙ በፊት ከምሮጠው በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የዘገየሁት።»

ተነሥቼ አነበብሁት። በእርግጥም ይላል፤ በወፍራም ፊደል፣ ከሠንጠረዡ አናት ላይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርሁት እንቁላሉን ብቻ ነው። ማሬም ከሰዓት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጣ፣ ሩጫዋን የምትጨርሰው ልክ ቅዳሴ ሲወጣ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር አለ፦ «ከውድድር በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ዕረፍት ይውሰዱ፤ እህልነት ያለው ምግብ በብዛት ይመገቡ።» ይህን መስመርስ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ። እነሱም አዎ ይሉኝና ወደ ውኃቸውና ወደ እንጨታቸው ይሄዳሉ። ማሬ ግን አሁን፣ ሕዝብ ዘብ ቆሞባት፣ ተኝታ ዳቦና አጥሚት እየበላች ነው።

አብዱረዛቅ ፊቴን አይቶ፣ «ምን አገኘህ?» አለኝ።

«ማንበብ አለመቻሌን» አልሁት።

እሁድ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐዩ ለስላሳ ነበር። እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምምና ማሬ ማልዳ አስቀድሳ፣ ቅዳሴው ሲወጣ በስኳርና በጨው የተበጠበጠ በሶ ጠጥታ መጣች። ከእናቷ ጋር ነበረች፤ እኔን በአንገቷ ብቻ ሰላም አለችኝ። እጇ ላይ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ነበረች። ውስጧ ያለውን አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ያለብኝን ጊዜ አሳልፌ አሁን ብጠይቅ ምን ዋጋ አለው።

አንድ ባጃጅ ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። እስከ ዐሥረኛው ኪሎ ሜትር አምስተኛ ነበረች። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ አራተኛ ሆነች። ያችን ቁጥር አልወዳትም። ዐሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ሲደርስ የመንገዱን ዳር አየሁ፤ ድንጋይ እንዳይኖር። ማሬ ላስቲኳን በጥርሷ ቀደደችና ፍሬው የወጣለት ቴምር ወደ አፏ አደረገች። ቀስ ብላ አኘከችው። ሌላም ጨመረች። ከዚያ የመጨረሻው ዳገት መጣ።

ባለ ባጃጁ «ያቺ ልጅ ያንተ ናት?» ሲለኝ «አይደለችም» አልሁት። «የራሷ ናት።»

ሦስተኛዋን ልጅ ዳገቱ መካከል ላይ አለፈቻት። ለመጨረስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ከሁለተኛዋ ጋር ጎን ለጎን ሆኑ። ባጃጁን አስቆምሁና ወርጄ መሮጥ ጀመርሁ፤ ለምን እንደምሮጥ አላውቅም። ስደርስ ማሬ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ አንድ ሰው ደረቷ ላይ ሁለት ቁጥር ያለበት ካርድ እያንጠለጠለላት ነው። ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስሁ፤ በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ስለ ማሬ አለቀስሁ፤ የአሁኑ ግን የሚያሳፍር አልነበረም።

ከክለቡ የመጣው አሰልጣኝ እጄን ጨበጠና፣ «በዚህ ጾም እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት መጣ? ምን አበላሃት?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልሁት። «ታማ ነበረች፤ አገር ጠይቋት ነው።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ። ማሬ ግን ሰምታኝ ኖሮ ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ወደ እኔ መጣችና ላስቲኳን ዘረጋችልኝ፤ ሁለት ቴምር ቀርተዋል።

«ዛሬ እሁድ ነው፣ ይብሉ» አለችኝ። «ነገ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠብቁኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድንጨርስ። ጀነት ነግራኛለች። ፋሲካ እስኪደርስ ገና አራት ሳምንት አለብዎት።»